«ሜልኮልን ልጽፋት ነው፤ ከራሴ መፍጠር የምችለው እስከ የት ነው?»

ጥያቄ፦ «የሳኦልን ልጅ የሜልኮልን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አንዳንዱ ምዕራፍ ስብከት ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ መጽሐፈ ሳሙኤልን በሌላ ቃል ከመገልበጥ አያልፍም። ያስነበብኳቸው ሰዎች ‹በቃሉ ላይ እየጨመርሽ ነው› አሉኝ። መፍጠር የሚፈቀድልኝ እስከ የት ነው? ሰዎቹስ በምን ዓይነት አማርኛ ይነጋገሩ? ልጅ ሳትወልድ ሞተች የሚለውን መጨረሻዋንስ ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ብዙ መልክ ቢኖረውም ሥሩ አንድ ይመስለኛል። ሜልኮል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለች አታውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ። ዳዊት እንደሚነግሥ፣ መዝሙሩ እንደሚዘመር፣ ስሙ እስከ ዛሬ እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ ይህም እውቀት ሳያስቡት ወደ እሷ አንደበት ይፈስሳል። ስብከት የሚመስለው ምዕራፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግልባጭ የሚመስለውም ከዚሁ ነው፤ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጸሐፊው ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ለመድረስ ብቻ ይጽፋል። በአርታኢነት እጄ የገቡት የዚህ ዘርፍ ረቂቆች አብዛኞቹ ችግራቸው ድፍረት ማብዛት አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ነገ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነው የሚሞቱት።

በ1ኛ ሳሙኤል 19 ያለውን ሌሊት ይውሰዱ። የሳኦል መልእክተኞች ቤቱን እየጠበቁ ነው፤ ሲነጋ ዳዊትን ሊገድሉት። ሜልኮል በመስኮት አውርዳ ታስመልጠዋለች፤ ተራፊሙን፣ ማለትም የቤቱን ጣዖት ምስል፣ አልጋ ላይ ታጋድማለች፣ በራስጌው የፍየል ጠጉር ታደርጋለች፣ በልብስ ትሸፍነዋለች። መልእክተኞቹ ሲመጡ «ታሟል» ትላለች። መጽሐፉ ይህን ሁሉ በጥቂት ቁጥሮች ይጨርሰዋል። ረቂቆች እዚህ ቦታ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ሜልኮልን መስኮቱ አጠገብ አቁመው ስለ እግዚአብሔር ቅቡዕ ረጅም ሐሳብ ያሳስቧታል። ያቺ ሴት ግን የዚያን ሌሊት ሌላ ሥራ አለባት። የወረደበት ነገር ክብደቱን ይችላል? ምን ላይ ታሰረ? ተራፊሙስ ምን ያህል ይከብዳል? ራሔል በዘፍጥረት 31 የደበቀቻቸው ተራፊም በግመል ኮርቻ ሥር የሚገቡ ትንንሾች ናቸው፤ ይህኛው ግን ተኝቶ ሰው መምሰል አለበት። ብቻዋን ነው ያነሣችው? ጎትታው ከሆነ ድምፁ ደጅ ላሉት አልተሰማም? እነዚህን ሲመልሱ ሜልኮል በገዛ እጇ መንቀሳቀስ ትጀምራለች። ደግሞስ ያ ምስል በዳዊት ቤት ምን ይሠራል? መጽሐፉ አይናገርም። ሰባኪ ቢሆን ለማስረዳት ይጣደፍ ነበር። እርስዎ አልጋው ላይ ይተዉት፤ አንባቢው ያየዋል።

አሁን «እስከ የት» ወደሚለው እንምጣ። መጻፉን ለጊዜው ያቁሙና ስለ ሜልኮል የተጻፈውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ያውጡ፤ ብዙ አይደለም። ዳዊትን ወደደችው። አባቷ ጥሎሽ ብሎ የመቶ ፍልስጥኤማውያን ሸለፈት ጠየቀ፤ ዳዊት ሁለት መቶ አመጣ። በመስኮት አስመለጠችው። አባቷ ለሌላ ሰው፣ ለፈልጢ ወይም ለፈልጢኤል ዳራት። ዳዊት በኬብሮን ከነገሠ በኋላ አስመለሳት። ታቦቱ ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ዳዊት ሲዘልና ሲዘፍን በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው፤ ተነጋገሩ። እስከሞተችበት ቀን ልጅ አልወለደችም። ከዚህ ጎን ያልተጻፈውን ያስፍሩ። ዳዊት እሷን ወደዳት የሚል የትም የለም። ለፈልጢ ስትሰጥ ፈቃዷን ተጠየቀች የሚል የለም። ከፈልጢ ጋር ስንት ዓመት እንደኖረች፣ ምን ዓይነት ቤት እንደነበራቸው የለም። ሁለተኛው ባሏ አለቀሰ ይላል፤ እሷ ታልቅስ አታልቅስ አይልም። ለምን እንዳልወለደችም አይልም።

ያልተጻፈው ነገር ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ይበሉ። አንደኛው ለትረካው ስለማያስፈልግ የቀረ ነው፦ የለበሰችው፣ የበላችው፣ የሄደችበት መንገድ፣ የአገልጋይዋ ስም። ይህን ዘመኑን አጥንተው እንደልብዎ ይሙሉት፤ ማንም ሊቆጣዎት አይገባም። ሁለተኛው ግን ትረካው እያወቀ የያዘው ነው፦ የእሷ እንባ፣ የዳዊት ልብ፣ የማኅፀኗ ዝምታ። ታሪኩ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ሳይደበዝዝ የቆየው በእነዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ መልስ ሰጥተው አይዝጓቸው። አንባቢው ጥያቄውን ከበፊቱ በበለጠ እንዲሰማው ማድረግ ይችላሉ፤ መልሱን መስጠት ግን ድርሰቱን ማሳነስ ነው። የሚገርመኝ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል። የአገልጋይ ስም ለማውጣት ይፈራሉ፤ «ሜልኮል ዕድሜዋን ሙሉ ያፈቀረችው ዳዊትን ብቻ ነበር» ብሎ ለመወሰን ግን አያመነቱም።

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። በ2ኛ ሳሙኤል 3 ላይ የሳኦል ሠራዊት አለቃ የነበረው አበኔር ሜልኮልን ወደ ዳዊት ሲወስዳት ፈልጢኤል እያለቀሰ እስከ ብራቂም ይከተላታል። አበኔር «ሂድ ተመለስ» ይለዋል፤ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈልጢኤል ከዚያ በኋላ የትም አይታይም። ብዙ ረቂቅ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

«ፈልጢኤልም እንባውን እያፈሰሰ፣ ‹ሜልኮል ሆይ፣ እግዚአብሔር የቀባው ዳዊት ሊወስድሽ ነውና ፈቃዱ ይሁን፤ ልቤ ግን በሐዘን ተሰብሯል› አላት። የሜልኮልም ልብ በሁለት ፍቅር መካከል ተከፈለ።»

ሰውየው ገና ያልተጻፈውን ምዕራፍ 5 አንብቧል። ስሜቱን በስሙ ጠርቶ ጨርሶታል፤ ለአንባቢው የቀረ ሥራ የለም። «ሁለት ፍቅር» የሚለው ደግሞ መጽሐፉ የያዘውን በአንድ ቃል አሳልፎ ሰጠ። አሁን ይህን ይዩ፦

«አህያዋ በቆመች ቁጥር እሱም ይቆማል፤ ስትነሣ ይነሣል። ከወታደሮቹ አንዱ ድንጋይ አንሥቶ ሊወረውርበት ቃጣ፤ ጓደኛው እጁን ያዘው። ሜልኮል ወደ ኋላ አልዞረችም። የግራ ጫማው ጠፍር ከተበጠሰ ሰንብቷል፤ ሶሉ መሬቱን ሲመታ ትሰማዋለች። አዲሱን ጠፍር አርሳ ደጃፉ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ነበረች። ሰዎቹ ሲመጡ እዚያው ቀረ።

ብራቂም ሲደርሱ አበኔር በቅሎውን አዞረ።

‹ሂድ ተመለስ› አለው።

አልጮኸበትም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሰጠ ሰው ድምፅ ነበር። ጫማው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ተሰማ፤ በየርምጃው እየቀነሰ።»

ጠፍሩ ፈጠራ ነው፤ መጽሐፉ ግን አይቃወመውም። የአበኔር ቃል እንዳለ ተወስዷል፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረበትም። ሜልኮል ወደደችው ወይስ አልወደደችውም? አላልኩም። አለመዞሯን አንዱ አንባቢ ጭካኔ ይለዋል፤ ሌላው ዞራ ብታየው መሄድ ስለማትችል ነው ይላል። ሁለቱም ከመጽሐፉ ጋር አይጣሉም። ፈጠራዬ ልኩን አለማለፉን የምለካው በዚህ ነው፤ ይህን ክፍል ያነበበ ሰው ወደ 2ኛ ሳሙኤል 3 ቢመለስ የሚጋጨው ቃል አያገኝም፤ ሁለቷን ቁጥር ግን እንደ ድሮው በጥድፊያ አያልፋትም።

እዚያው ሳለን ቦታውን እንመልከት። ብራቂም ከኢየሩሳሌም በስተ ምሥራቅ፣ ከደብረ ዘይት ማዶ፣ የሳኦል ነገድ የብንያም ሰዎች የሚኖሩበት መንደር ነው፤ ኋላ ዳዊትን ድንጋይ እየወረወረ የሚረግመው ሳሚም የወጣው ከዚያው ነው። አጠገቡ ያለችው ኢየሩሳሌም ደግሞ በዚያን ቀን የእስራኤል ከተማ አይደለችም፤ ኢያቡሳውያን ናቸው የሚኖሩባት፤ ዳዊት የሚይዛት በምዕራፍ 5 ነው። ሜልኮልን በዚያ አሳልፈው «የቅድስቲቱን ከተማ ቅጥር አይታ ልቧ ተጽናና» ብለው ከጻፉ የቤተ መቅደሱን ጉልላት ለመሥራት ትንሽ ነው የቀረዎት። ለእሷ የባዕድ ምሽግ ነው። ከብንያም ምድር ወጥታ የአባቷ ጠላት ወደነገሠበት ወደ ይሁዳ አገር እየገባች ነው።

ስትደርስ የሚጠብቃትንም መጽሐፉ ራሱ አዘጋጅቶልዎታል። ከዚሁ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ዳዊት በኬብሮን ከስድስት ሴቶች የወለዳቸው ስድስት ልጆች በስም ተዘርዝረዋል። ብዙ ሰው ይህን የስም ዝርዝር ይዘለዋል። እርስዎ ግን በሜልኮል ዓይን ያንብቡት፤ በመስኮት ካወረደችው ወዲህ የሆነው ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ እየሮጠ ነው። ያመጣት አበኔርም ብዙ ሳይቆይ በኬብሮን በር ላይ በዳዊት ጦር አለቃ በኢዮአብ እጅ ይገደላል።

ልብ ወለድዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ላየው የምመኘው ምዕራፍ ግን የእሷ ስም ጭራሽ ያልተጠራበት ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 4 ወንድሟ ኢያቡስቴ በቀትር አልጋው ላይ እንደተኛ ይገደላል። ገዳዮቹ ራሱን ቆርጠው ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው ዳዊት ዘንድ ወደ ኬብሮን ያመጡታል፤ ዳዊት ገዳዮቹን ያስገድላቸዋል፤ የኢያቡስቴም ራስ በኬብሮን በአበኔር መቃብር ይቀበራል። በትረካው ቅደም ተከተል ከሄድን ሜልኮል በዚያን ጊዜ ኬብሮን ናት። ባሏን ለማዳን አልጋ ላይ የውሸት ሰው ያስተኛች ሴት፣ ወንድሟ በገዛ አልጋው ላይ ታርዶ የተቆረጠ ራሱ ባሏ ፊት ሲቀርብ የት ነበረች? ማን ነገራት? ቀብሩ ላይ ነበረች? እኔ ብሆን የመጽሐፉን መካከል እዚህ አደርገው ነበር። ከዚህ በኋላ በምዕራፍ 6 መስኮት ላይ ስትቆም ንቀቷ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግዎትም። አባቷና ሦስት ወንድሞቿ በጊልቦዓ ወድቀዋል፣ ኢያቡስቴም ሞቷል፤ ታች ደግሞ ሕዝቡ እየጨፈረ ነው።

የተራኪ ዓይን ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ታሪኩን ሁሉ በሜልኮል በኩል ማየት ግዴታ አይደለም፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ተራኪ ይሆናል። ከሌላ ስፍራ ምሳሌ ልስጥ። በዮሐንስ 2 የቃና ሰርግ ላይ ስድስት የድንጋይ ጋኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዛሉ። በዘመኑ መለኪያ ሲሰላ ስድስቱ አንድ ላይ ከ460 እስከ 700 ሊትር ገደማ ነው። «ውኃ ሙሉአቸው» የሚለው ቃል ሲነበብ አንድ ትንፋሽ ነው፤ ለአገልጋዮቹ ግን በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ቢሸከሙ እንኳ ከ23 እስከ 35 ምልልስ ነው፤ ያውም በሰርግ ግርግር መካከል፣ የጎደለው ወይን ሆኖ ሳለ ውኃ ቅዱ የተባሉበት ምክንያት ሳይገባቸው። ወንጌሉ ውኃው ወይን ከሆነ በኋላ የሰርጉ አሳዳሪ ወይኑ ከየት እንደመጣ እንዳላወቀ፣ ውኃውን የቀዱት ግን እንዳወቁ ይናገራል። እንግዲህ ከእነዚያ አንዱ ታሪኩን ቢነግረን ተአምሩ እንዴት እንደተፈጸመ መግለጽ አይጠበቅበትም፤ አላየውማ። የሚያውቀው ትከሻው ላይ የነበረውን ክብደትና ለአሳዳሪው የወሰደውን ጽዋ ነው። ተአምርን ሲጽፉ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ይጻፉ። መካከሉን በብርሃንና በነጎድጓድ ለመሙላት የሚሞክር ድርሰት አንድም ቀን አሳምኖኝ አያውቅም።

የለምጻሙ የሶርያ ጦር አለቃ የንዕማን ሚስት አገልጋይም አለች፤ በ2ኛ ነገሥት 5 ተማርካ የመጣችው ታናሽ ብላቴና። ስሟ አልተጻፈም፤ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን የጦር አለቃ ያንቀሳቅሳል። የማረካት አገር ሰው እንዲድን ለምን ፈለገች? እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥምዎት በማስታወሻ ይያዙት።

ስለ መቼት አጠር ላድርግ፤ ምክንያቱም ጸሐፊዎች አንዴ ከገቡበት አይወጡም። የዳዊት ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት አካባቢ ነው። ሳንቲም የለም፤ ብር በሚዛን ይመዘናል። አብርሃም ለመቃብሩ ዋሻ 400 ሰቅል ብር መዘነ ሲባል አንድ ሰቅል 11 ግራም ያህል ነውና ከ4 ኪሎ የበለጠ ብር ሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው፤ የሚዛኑ ድምፅ ራሱ ትዕይንት ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ቃሪያ፣ የቁልቋል በለስ ሁሉም ከአሜሪካ ምድር የመጡት ከ1492 በኋላ ነው፤ ከሜልኮል ማዕድና አጥር ያውጧቸው። እርካብ የለም። ሻማ የለም፤ የዘይት መብራት ነው። መጽሐፍ ቢኖር ጥቅልል ነው። ሰዓት አይቆጠርም፤ ቀኑ በጥላና በሙቀት ይለካል፤ መጽሐፉም የኢያቡስቴን መገደል የሚነግረን በቀኑ ሙቀት ጊዜ ብሎ ነው። ከሁሉ የሚያመልጠው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ዕቃውን ሁሉ አጽድቶ የጨረሰ ጸሐፊ «ልቧ እንደ ሰዓት መታ» ብሎ ይጽፍና ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ለጥናት ሰፊ ታሪክ ሳይሆን ጠባብ ነገር ይፈልጉ። በኢየሩሳሌም ከግዮን ምንጭ ወደ ሰሊሆም የሚወርደውና በተለምዶ ከንጉሥ ሕዝቅያስ ጋር የሚያያዘው የውኃ ዋሻ 533 ሜትር ነው፤ በ1880 ግድግዳው ላይ የዕብራይስጥ ጽሕፈት ተገኘበት፤ ዛሬ ኢስታንቡል ይገኛል። ጽሕፈቱ ከሁለት ጫፍ እየቆፈሩ የመጡት ሠራተኞች ሊገናኙ ሦስት ክንድ ሲቀራቸው የአንዱ ጥሪ ለሌላው እንደተሰማ ይናገራል። የንጉሥ ስም የለበትም። መጽሐፈ ነገሥት ስለ ንጉሡ ሥራ በአንድ ቁጥር ነግሮን ያልፋል፤ ድንጋዩ ግን ስለ ቆፋሪዎቹ ጩኸት ነገረን። በ1986 ከገሊላ ባሕር ዳርቻ ጭቃ የወጣው የአንደኛው መቶ ዘመን ጀልባም 8 ሜትር ከጥቂት ይረዝማል፤ ወርዱ 2.3 ሜትር ነው። አሥራ ሦስት ሰው በዚያ ውስጥ ማዕበል ላይ ያስቀምጡና ማን ማንን እንደሚነካ ያስቡ። እንዲህ ያለ አንድ ልክ ከሃያ ገጽ ማብራሪያ ይሻላል። ካጠኑት ውስጥ አብዛኛው ገጹ ላይ መውጣት የለበትም፤ ሜልኮል የምታየውን ዕቃ ለራሷ አታብራራም።

ወደ ምልልሱ ስንመጣ ጸሐፊው በሁለት ፈተና መካከል ነው። አንዱ ሁሉም ሰው «ሆይ» እና «እነሆ» እያለ እንደ ንባብ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ባልና ሚስት ስለ እራት ሲነጋገሩ እንኳ አዋጅ ይመስላል። ሌላው የዛሬ መንገድ ላይ የሚሰማ ቋንቋ ማስገባት ነው፤ ይህም ለጥቂት ገጽ ያስቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል። የሚሠራው አጭር፣ ያልተዋበ፣ መጤ ቃል የማይታይበት አማርኛ ነው። «ሆይ»ን ለጸሎትና ለዙፋን ፊት ያስቀምጡት።

የአክብሮቱ ጉዳይ ግን በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩ ዕድል ነው። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ንጉሥም «አንተ» ይባላል፤ «ጌታዬ ንጉሥ ሆይ» እየተባለ ግሡ የ«አንተ» ነው። በልብ ወለድዎም ይህን እንዲይዙት እመክራለሁ፤ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ «እርስዎ» ካደረጉት ከዘመኑ ይወጣል፤ መጽሐፉን የለመደ ጆሮም ይጎረብጠዋል። ይልቅ ርቀትን በሌላ መንገድ ያሳዩ። በምዕራፍ 6 ጠብ ላይ ሜልኮል ዳዊትን ፊት ለፊት ቆማ በሩቅ ሰው ትናገረዋለች፤ የእስራኤል ንጉሥ ዛሬ እንዴት የከበረ ነበር የሚል ምጸት ነው። በመስኮት ስታወርደው «ዛሬ ሌሊት ነፍስህን ካላዳንህ ነገ ትገደላለህ» ያለችው ሴት ናት። ተራኪውም ያግዛታል፤ በመስኮቱ ሌሊት ሚስቱ ይላታል፤ በታቦቱ ቀን ግን ደጋግሞ «የሳኦል ልጅ» ነው የሚላት። የአጠራር ለውጡን በልብ ወለድዎ ቀስ ብለው ቢያዘጋጁት ጠቡ ሲደርስ አንድም የስሜት ቃል አያስፈልግዎትም። በነገራችን ላይ የጠቡን ንግግር አያርዝሙት። ከእሷ የተጻፈው ተጽፏል፤ የእሱም መልስ፣ እግዚአብሔር ከአባትሽና ከቤቱ ይልቅ እኔን መረጠኝ የሚለው፣ የሚቆርጠውን ያህል ይቆርጣል።

«በቃሉ ላይ መጨመር» ያሉዎት ሰዎች ከባዶ አልተነሡም፤ ዘዳግም 4 እና የዮሐንስ ራእይ መጨረሻ ይህን ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው ግን የሚጠብቀው ትእዛዙንና የመጽሐፉን ቃል ነው፤ ልብ ወለድ ደግሞ ልብ ወለድ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ተናግሮ ነው የሚመጣው። ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው አንዲት በግ ስለነበረችው ድሀ በተፈጠረ ታሪክ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም በተናገረው ምሳሌም ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ሄደዋል። ተቃዋሚዎ እነዚህ አዲስ ምሳሌዎች እንጂ በነበረ ታሪክ ላይ የተጨመሩ አይደሉም ቢልዎት ልክ ነው፤ ስለዚህ በእነሱ ብቻ አይከራከሩ። የተሻለው ማስረጃ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ነው። በ1ኛ ዜና 15 ሜልኮል በመስኮት ታያለች፣ ትንቃለች፤ ከዚያ ጠቡም አለመውለዷም የለም። ዳዊት ከባሏ ከኦርዮን የወሰዳት የቤርሳቤህ ታሪክም እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አይነገርም። ያው ንጉሥ፣ ያው ቀን፣ ሌላ ምርጫ። ታሪክን መልሶ መናገር ምን ማንሣትና ምን መተው እንደሚጠይቅ መጽሐፍ ቅዱስ በውስጡ ያሳያል።

የራሴን ወሰን ከጠየቁኝ፦ ለእግዚአብሔር አዲስ ንግግር አልጽፍም፣ ሲጽፉም እቃወማለሁ። ቢናገር የተጻፈውን ይናገር። ይህ ከሃይማኖት ጥንቃቄ በተጨማሪ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይም ነው፤ እኛ የምንፈጥርለት ንግግር ሁልጊዜ የእኛን ዘመን ይሸታል። ዳዊትን ግን ለመጠበቅ አይድከሙ። ያስገደለውን የኦርዮንን ነገር መጽሐፉ ራሱ አልሸፈነለትም። ለማስደንገጥ ብቻ ብሎ እሱን ጭራቅ፣ እሷን ጻድቅ ማድረግም ያው ስብከት ነው፤ መድረኩን ብቻ ነው የለወጠው። መጽሐፉ ሲወጣ ከፊቱ አንዲት ገጽ ማስታወሻ ያኑሩ፤ የትኞቹ ሰዎችና ክንውኖች የእርስዎ ፈጠራ እንደሆኑ በግልጽ ይናገሩ። ብዙ ቅሬታ እዚያች ገጽ ላይ ይቆማል። ለእምነት ተቋም አሳታሚ የሚያቀርቡት ከሆነ ደግሞ ወሰናቸውን ከመጻፍዎ በፊት ይጠይቁ፤ አንዱ የሚቀበለውን ሌላው አይቀበልም።

አለመውለዷን በተመለከተ፣ መጽሐፉ ከጠቡ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጦት ይሄዳል። ቅጣት ነው አላለም፣ ዳዊት ተዋት አላለም፣ ዕድሜዋ አልፎ ነበር አላለም። ሦስቱንም የሚያምኑ ሰዎች በግቢው ውስጥ ይኑሩ፤ አንዷ ሚስት አንዱን ትበል፣ አገልጋይዋ ሌላውን፣ ሜልኮል ራሷ በተለያየ ቀን የተለያየ ነገር ታስብ። ተራኪው ግን አይፍረድ። የሞት አልጋ ትዕይንትም አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ጠቡ ካለቀ በኋላ ባለው ተራ ቀን ላይ መጽሐፉን ቢዘጉት ይበቃል።

አንድ ሥራ ዛሬውኑ ይጀምሩ። እስካሁን የጻፏቸውን ምዕራፎች ያውጡና የእያንዳንዱን የመጨረሻ አንቀጽ ይሰርዙ። ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ምዕራፉ ያለ እሱ ከቆመ፣ አንቀጹ አይመለስ። ከዚያ ረቂቁን ለሁለት ሰው ይስጡ፤ አንዱ መጽሐፈ ሳሙኤልን በደንብ የሚያውቅ፣ ሌላው ሜልኮል ማን እንደሆነች ሰምቶ የማያውቅ። የመጀመሪያውን ከመጽሐፉ ጋር የተጋጨበትን ቦታ እንዲያሰምርበት፣ ሁለተኛውን ማንበብ ያቆመበትን ገጽ እንዲያጥፈው ይጠይቁ። በሁለቱ ምልክት መካከል ከተምታታብዎት መጀመሪያ የታጠፈውን ገጽ ያስተካክሉ።